በመስቀል የሚመጣ የአክሲዮን ትርፍ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ዋጋን በፓውንድ የሚናገር ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሊያታልላችሁ ነው። ፓውንዱ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። እኛ የምንቆጥረው በሰሊጥ ነው። እገሌ ቤቱን ሸጠ ሲባል በስንት ጆንያ ብለን እንጠይቃለን። ጥሎሹም፣ የሞተር ሳይክሉም፣ የሐኪም ቤቱ ወጪም ተመንዝሮ ተመንዝሮ ጆንያ ላይ ያርፋል። እኔም አክሲዮኔን በአሥራ ሁለት ጆንያ ሰሊጥ ገዛሁ የምለው ለዚህ ነው። ባሌ ሲሞት ውሃ የሚያመላልስበትን ጋሪ ከነአህያው ሸጥኩ፣ የሠርግ ወርቄን ጨመርኩበት፣ የተሰበሰበው ገንዘብ በዚያን ቀን ገበያ አሥራ ሁለት ጆንያ ይገዛ ነበር። ቁጥሩን እስካሁን አልረሳሁትም። ብረሳው ደስ ባለኝ።

ሥራዬ ጆንያ መስፋት ነው። እህል ገበያው ውስጥ፣ ከሚዛኑ ጀርባ ባለው ጥላ ሥር ተቀምጬ የተቀደደ ጆንያ በትልቁ መርፌ እሰፋለሁ። ምላስሽ ከመርፌሽ ይብሳል ይሉኛል የሚያውቁኝ፣ ውሸታቸውን አይደለም። ባል የሌላት ሴት እዚያ ገበያ ውስጥ ለስላሳ ሆና አትኖርም። አንድ ደላላ ጆንያ ወስዶብኝ ቀኑን ሙሉ እየተከተልኩ ስሰድበው ውዬ፣ ሲመሽ በአንዱ ፈንታ ሁለት አድርጎ መልሶልኛል። ይህን የማወራው እንድትስቁ አይደለም። በዚሁ ምላሴ በኋላ የሠራሁትን ስነግራችሁ ከየት መጣ እንዳትሉ ነው።

አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ታናሼ። ወደ ሱዳን ስንሰደድ እናታችን መንገድ ላይ ቀረች። እሱ ያኔ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው፣ እኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አዝዬ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ካምፕ ውስጥ ተሰልፌ ወተት እየተቀበልኩ ያሳደግሁት፣ ሲያጠፋ የገረፍኩትም እኔ ነኝ። ጎልማሳ ሲሆን የአባቴን አገር ልይ ብሎ ወደ መተማ ተመለሰ፣ እዚያው ቁራጭ መሬት አገኘ፣ አገባ፣ ወለደ። እኔን ግን እንደ እህት ሳይሆን እንደ ክፉ እናት ይፈራኝ ነበር። ስቆጣ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። አርባ ዓመት አልፎት፣ ጺሙ ሸብቶ እንኳ እንደዚያው ነበር።

ባሌ በሞተ ማግሥት፣ ማዶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አዲስ ባንክ ሊከፈት ነው፣ አክሲዮን ለሰው እየተሸጠ ነው የሚል ወሬ መጣ። ያመጡት ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት የጎንደር ልጆች ናቸው። መምህሩም ገዛ፣ ቄሱም ገዛ፣ ባለሱቁም ገዛ አሉ። ገንዘብሽን አስገብተሽ ቁጭ ብለሽ በየዓመቱ ትርፍሽን ትበያለሽ አሉኝ። ቁጭ ብሎ መብላት የሚለው ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። እኔ በሕይወቴ ቁጭ ብዬ የበላሁት አንድም ነገር የለማ።

ችግሩ ያለኝ የስደተኛ ካርድ እንጂ የቀበሌ መታወቂያ አልነበረም፣ ያለ መታወቂያ ደግሞ አክሲዮን አይሸጥም። ስለዚህ ለባሌ ለቅሶ በመጣው በወንድሜ ስም፣ ጎንደር ሄዶ ይገዛ ተባባልን። ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልዬ ወገቡ ላይ ያሰርኩለት ራሴ ነኝ። የአክሲዮኑን ወረቀት እንዳያመጣው የከለከልኩትም እኔው ነኝ። ማዶ ንብረት እንዳለሽ ካወቁ ካርድሽን ይነጥቁሻል የሚል ወሬ በሰፈራችን ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አላጣራም። ሁላችንም ግን ማዶ ያለንን ነገር እየደበቅን፣ ወረቀት የሚባል ነገር ድንበሩን እንዳይሻገር እየጠበቅን ነው የኖርን። ወረቀቱ አንተው ጋ ይቀመጥ አልኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ከስቷል፣ በእግሩ ያለው ጫማ ይዞት የሄደው አይደለም። ገና በሩን ሳያልፍ "ገዛህ?" አልኩት። ውሃ እንኳ ሳልሰጠው፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው እንኳ ሳልለው።

"ገዛሁ" አለኝ።

በዓመቱ ለመስቀል መጣ። የደመራው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ። ከወገቡ ጨርቅ ፈትቶ አልጋዬ ላይ ገንዘብ አስቀመጠ። "አክሲዮንሽ ወለደ እታለም፣ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ መንዝሬ ነው ያመጣሁልሽ" አለኝ። ብቆጥረው የሦስት ጆንያ ሰሊጥ ዋጋ ነው። በሚቀጥለውም መስቀል እንዲሁ ሦስት ጆንያ። ፓውንዱ ሲወድቅ የገንዘቡ ብዛት ይጨምራል፣ በሰሊጥ ሲቆጠር ግን ያው ሦስት ነው። ዝናብ ቢቀርም፣ ድንበሩ ተዘግቶ ሰው በጫካ ቢሻገርም፣ በመስቀል ሦስት ጆንያ አይቀርም ነበር።

ልጄን ያስተማርኩት በዚያ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ የቀረውን ነገር ሁሉ ጆንያ መስፋቱ ይሸፍናል፣ የእሷን ትምህርት ግን ያ ገንዘብ ነው የቻለው። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። አጠገቤ የምትኖር ጎረቤቴ ባሱንዳ በሚባለው የእርሻ አገር ከአንድ ሱዳናዊ ጋር የእኩል ታሳርስ ነበር። አንድ ዓመት ትከብራለች፣ አንድ ዓመት ዘሯን እንኳ አትመልስም። ዝናብ የቀረ ዓመት ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ሰማይ ሰማይ ስታይ አግኝቻት፣ "አንች እንግዲህ ደመና ስትቆጥሪ ኑሪ፣ የእኔ ማሳ ሰማይ አያስፈልገው" አልኳት። ለአረምና ለአጨዳ ከማዶ የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች እዚህ ጃንጎ ይሏቸዋል። ላባቸው ሳይደርቅ ሚዛኑ አጠገብ ሲደረደሩ አፍንጫዬን ይዤ "ራቅ በሉ፣ ጥላዬን አትያዙብኝ" እላቸው ነበር። እኔ ባለአክሲዮን ነኛ።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ልጄ እዚያ ሂሳብ አያያዝ ስታጠና፣ ልትጨርስ ሁለት ሴሚስተር ቀርቷት ነበር። በአንድ ቦርሳና በአንድ ስልክ ተመለሰች። ከተማው በሸሸ ሰው ሞላ፣ የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ፣ እሷ ግን ከግቢ አትወጣም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ታያለች። ልጅ ሲከሳ ማየት አንድ ነገር ነው፣ ልጅ ዝም ሲል ማየት ደግሞ ሌላ ነው፣ እኔ ከዚህኛው የባሰ አላየሁም። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ኮሌጁ ፖርት ሱዳን ላይ ሊከፍት እንደሆነ መልእክት ላከላት። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከፍሎ ያልተመዘገበ ስሙ ይሰረዛል ይላል። ከተመለሰች ወዲህ ሳቋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁት።

"አክሲዮኔን እሸጣለሁ" አልኳት። "ለዚህ ቀን ነው ያስቀመጥኩት።"

እሷ ደግሞ የተማረችው ይህንኑ ነው። "ዩማ፣ ከመሸጣችን በፊት ስንት እንደሚያወጣ እንወቅ" አለችኝ። እናት ማለት ነው፣ እንዲህ ብላ ነው የምትጠራኝ። ደብተር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። በስንት ገዛሽ አለችኝ። በአሥራ ሁለት ጆንያ። በየዓመቱ ስንት መጣ? ሦስት ጆንያ። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ።

"እሺ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ አንድ ማሳ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ለማለት ስንት ጆንያ እንደወጣው ብቻ ነው የምትጠይቂ?"

"ከስንት ፈዳን መሬት ብዬም እጠይቃለሁ እንጂ፣ ምን ሞኝ አረግሽኝ።"

"አክሲዮንም ያው ነው። ይህን ያህል ትርፍ መጣ ማለት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ለገዛሽበት ዋጋ ታካፍይዋለሽ። ሦስት ለአሥራ ሁለት፣ ሩብ። ከመቶ ሃያ አምስት።"

"ጎሽ የኔ አክሲዮን" አልኩ። እሷ አልሳቀችም። እርሳሱን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቁጥሩን ታየዋለች።

"በጣም ብዙ ነው ዩማ። ሰው ትርፉ ሲበዛ ይደሰታል፣ እኛን ያስተማሩን ግን ሲበዛ ከየት መጣ ብለን እንድንጠይቅ ነው።"

ኔትወርክ አንድ ቀን ይመጣል ሦስት ቀን ይጠፋል። በመጣ ቁጥር የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ከስልኳ እያወጣች ደብተሩ ላይ በሁለት መስመር ጻፈች። በአንዱ ባንኩ በየዓመቱ የከፈለው፣ በሌላው አጎቷ ያመጣው። ሳምንት ፈጀባት። ሲያልቅ ጠራችኝና በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ። በመጀመሪያው ዓመት ባንኩ ለማንም አልከፈለም። ገና ወንበርና ጠረጴዛ የሚገዛ ባንክ ምን ትርፍ አለው፣ አጎቴ ግን አምጥቷል አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ከፈለ፣ አንድ ዓመት ደህና አድርጎ ከፈለ፣ ከዚያ ወረደ። አንድ ዓመት ደግሞ ባለአክሲዮኖቹ ተሰብስበው ትርፉ በእጅ አይሰጥ፣ ካፒታል ይሁን ብለው ወሰኑ፣ ማንም አንድ ብር አልወሰደም። አጎቷ በዚያም ዓመት ሦስት ጆንያውን አምጥቷል።

"የእውነት ትርፍ ከፍና ዝቅ ይላል" አለችኝ። "እንደ ዝናብ ነው። ታሪኩን ስታይው ክፉውንም ደጉንም ዓመት ታይበታለሽ። ይኸኛው ግን ምንም ክፉ ዓመት የለውም። ይህ ትርፍ አይመስልም ዩማ፣ ደመወዝ ነው የሚመስለው።"

እሷ ቀጠለች። ባንኩ የሚከፍለው በብር ነው፣ ብሩም በየዓመቱ አቅሙ ወርዷል፣ ስለዚህ በሰሊጥ ሲቆጠር ትርፍሽ እያነሰ መሄድ ነበረበት አለችኝ። ይህንንስ እሺ፣ ምናልባት ይሆናል ብዬ ነበር። ቀጥሎ ያለችው ግን ምናልባት የሚባል አይደለም። ባንኩ ጠቅላላ ጉባኤውን የሚጠራው በኅዳር ነው፣ ትርፉ ተቆርጦ የሚታወቀው ያኔ ነው። አጎቴ የሚያመጣው ግን በመስከረም ነው አለችኝ። ገና ያልተወሰነ ትርፍ ማን ሰጠው?

ጎንደር ያለች ጓደኛዋ ባንኩ ውስጥ በምታውቀው ልጅ በኩል አስጠየቀችልን። መልሱ አጭር ነው። በወንድሜ ስም ባለአክሲዮን የለም።

ደሜ ፈላ። ነገሩ ወዲያው ግልጽ ሆኖ ታየኝ፣ ክፉ ሐሳብ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚፈጥነው። ገንዘቤን ወስዶ በሬ ገዝቶበታል፣ መሬት ጨምሮበታል፣ ነግዶበታል። እኔ በባሌ ጋሪ፣ በሠርግ ወርቄ ያስከበርኩት ሰው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ትርፍራፊውን እየወረወረልኝ እታለም ይለኛል። እሱን ያዘልኩበት ጀርባዬ ተቃጠለ። ልጄ "መጀመሪያ ጠይቂው ዩማ" አለችኝ። እጠይቀዋለሁ አልኩ። በአፌ የያዝኩት ግን ጥያቄ አልነበረም።

ለመስቀል መጣ፣ እንደ ልማዱ። ጀለቢያው ሰፊ ነው። ፊቱ ጠቁሯል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ሆዱ ግን ከጀለቢያው ሥር ወጥቶ ይታያል። ደክሞት መሆን አለበት በሩን ተደግፎ ነው የገባው። እኔ ያየሁት ሆዱን ብቻ ነው። በአገራችን ደንብ እንግዳ፣ ይልቁንም ወንድም፣ ከአንድ መሶብ አብሮ ይበላል። እኔ ለብቻው በሰሃን አቀረብኩለት። ገባው። ሰሃኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተወው።

"ምነው፣ ጠግበህ ነው የመጣኸው?" አልኩት።

"አይ እታለም፣ አልሄድልኝ ብሎ ነው።"

"እንዴት ይሄድልሃል፣ ሆድህ እኮ በእኔ ገንዘብ ሞልቷል። አየሁህ፣ ባለሀብት መስለሃል። አክሲዮን የለም፣ አስጠይቄያለሁ። ዘጠኝ ዓመት። እኔ ጣቴን እየወጋሁ፣ አንተ በባሌ ሬሳ ሆድ ታወጣለህ። ምነው ያን ጊዜ መንገድ ላይ ከእናቴ ጋር ጥዬህ ቢሆን።"

ይህን ነው ያልኩት። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም። ልጄ "ዩማ ኸላስ፣ በቃ" እያለች እጄን ትይዛለች። እሱ ከወገቡ ጨርቁን ፈትቶ እንደ ሁልጊዜው አልጋው ላይ አስቀመጠ። ለመነሳት ግድግዳውን ያዘ። "ይቅር በይኝ እታለም" አለና ወጣ። ደመራ ሲለኮስ ርችቱ ይሰማ ነበር፣ እኔ በራችንን ዘጋሁት።

በዚህ አገር የኖረ ሰው ያን ሆድ ያውቀዋል። ሰው ከስቶ ሆዱ ብቻ ሲያብጥ ምን እንደሆነ ገበያ ውስጥ ያለ ሕፃን እንኳ ይነግራችኋል። ካላዛር ነው። አረም የሚያርሙ፣ ማሳ ዳር ከግራር ሥር የሚተኙ ሰዎችን ነው የሚይዘው፣ ከአሸዋ ዝንብ ነው የሚመጣ። ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውየው ትኩሳት በትኩሳት ሆኖ ያልቃል። እኔም አውቀዋለሁ፣ ስንቱን አይቻለሁ። የወንድሜን ሆድ ሳይ ግን ጮማ ነው ያየሁት።

በስድስተኛው ቀን ሚዛኑ አጠገብ አንድ ጃንጎ፣ ጆንያ የምትሰፋዋ ሴትዮ የትኛዋ ናት እያለ መጣ። ራቅ በል ልለው አፌን ስከፍት "ወንድምሽ ሆስፒታል ነው፣ ደክሟል" አለኝ። "አንተ የት ታውቀዋለህ?" አልኩት።

"ባሱንዳ አብረን ነው የምንሠራ። በየክረምቱ አረም እናርማለን። እኔ ብቻ እንኳ ስምንት ክረምት አብሬው አድሬያለሁ። ዘንድሮ ትኩሳቱ ከሐምሌ ጀምሮ ነው የያዘው። ግባና ታከም ብንለው እስከ መስቀል ልጨርስ አለን።"

መርፌውን ጆንያው ላይ ተክዬ ተነሳሁ።

ሆስፒታሉ ሞልቷል፣ መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል። እሱ መስኮት ሥር ነበር። ጀለቢያው ወልቆ ያለውን ሁሉ አየሁት፣ ክንዱ እንደ ልጅ ክንድ ቀጥኗል። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ፣ ፈርቶኝ እኮ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አንደበቴ እንዲያ ሲተሳሰር የመጀመሪያዬ ነው።

እሱ ነው የጀመረው። ጎንደር ሳይደርስ መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አውቶቡሱን አስቁመው፣ ተሳፋሪውን አስወርደው፣ ወገቡን ፈትሸው ጨርቁን ወስደውበታል። ጫማውንም አውልቀውታል። አንድ ወር በሰው ቤት በቀን ሥራ ከርሞ ጫማ ገዝቶ፣ ልነግራት ነው ብሎ ወደ እኔ መጣ።

"ገዛህ ስትይኝ ዓይንሽን አየሁት" አለኝ። "እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ገዛሁ አልኩ። በዓመቱ እነግራታለሁ አልኩ። በዓመቱ ስመጣ ደግሞ ደስ ብሎሽ ጠበቅሽኝ።"

"አራት ዓመት ነበር የሚበቃህ" አልኩት። "በአራት ዓመት አሥራ ሁለቱ ጆንያ ተከፍሎ አልቆ ነበር። ለምን አላቆምክም?"

የምናገረው ያልገባው ሰው ሆኖ አየኝ።

"እኔ የምሰጥሽ እኮ ትርፉን ነው እታለም። ትርፍ ዋናውን አይነካም። ዋናው እንዳለ ነው፣ አንድ ቀን ዋናውን አምጣ ትይኛለሽ ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩ። ላም ገዝቼ ለዋናው ላርባ ብዬ ነበር፣ ዝናብ የቀረ ዓመት አረም ስላልነበረ እሷን ሸጬ ትርፍሽን አመጣሁ።"

ጎረቤቴን ደመና ስትቆጥሪ ኑሪ ያልኳት ዓመት ማለት ነው። የእኔን ሰማይ ወንድሜ ተሸክሞት ነበር።

ይቅር በለኝ አልኩት። ደጋግሜ አልኩት። "ምን አደረግሽኝ" ይለኛል። አራት ቀን አስታመምኩት። ከመሶብ ነፍጌው የነበረውን በእጄ ላጉርሰው አልኩ፣ አልገባለትም። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ቢመጣ መድኃኒት ነበረው አለኝ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አረፈ። እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቀበርነው። የመጨረሻውን ጨርቅ የፈታሁት ለከፈኑ ነው። ሳልቆጥረው እንደማላድር አውቅ ነበርና ቆጠርኩት፣ ሦስት ጆንያ ነው። ዘጠኝ መስቀል፣ ሃያ ሰባት ጆንያ። እኔ የሰጠሁት አሥራ ሁለት ነበር፣ እሱንም ሌሎች ናቸው የበሉት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። የልጄ መመዝገቢያ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ መተማ ተነሳን፣ በተረፈው ገንዘብ። ልጄ አልቀርም አለች። ደብተሩን በቦርሳዋ ይዛዋለች፣ ሁለቱ መስመሮች እንዳሉ ናቸው። ትቀድደው እንደሆነ ብዬ ነበር፣ አልቀደደችውም። "እኔ ነኝ ዩማ፣ እኔ ባልጠይቅ ኖሮ" አለችኝ አውቶቡስ ውስጥ። አይደለሽም አልኳት። እሷ እውነቱን ነው ያገኘችው፣ እኔ ነኝ የተናገርኩበት።

ሊነጋጋ ሲል ከሽማግሌዎቹ ጋር የወንድሜ ቤት ደጅ ደረስን። ከዚህ በፊት ቤቱን አይቼው አላውቅም፣ ካርዴን ፈርቼ ድንበሩን ተሻግሬ አላውቅማ። በሬ የለም፣ የተጨመረ መሬት የለም። ጣሪያው ሳር ነው፣ አንዱ ግድግዳ በጆንያ ተሸፍኗል። ጆንያውን አወቅሁት፣ የእኔ ስፌት ነው። እንዲጠቀልልበት ብዬ አንድ ጊዜ የሰጠሁት። ሚስቱ ጩኸቷን ስታቀልጠው መንደሩ ተነሳ። ለቅሶው ላይ ተቀምጠን ሳለን ጥቅምት አለቀ፣ የልጄም ቀን አለፈ። ማንም አላነሳውም፣ እሷም አላነሳችው።

ሰው ቀለል ሲል ሚስቱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምጿ ተዘግቷል። እጄን ያዘች፣ መርፌ የበሳሳውን ጣቴን አገላብጣ አየችው።

"አንችን ሳስብ ነው የኖርኩ" አለችኝ። "ክረምት በመጣ ቁጥር ገዳሪፍ ያለችው እህቴ ታማለች፣ ደጋፊ የላትም፣ ሠርቼ መድኃኒቷን ልግዛላት ይላል። ልጆቼ ጫማ የላቸውም ስለው፣ እሷ አዝላ ባታሻግረኝ እነሱም የሉም ይለኛል። እኔ ክፉ ነኝ፣ አንዳንዴ ሲመረኝ መቼ ነው የምትሞትለት ብዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አቃተኝ። ልጄን አየኋት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"አሁንስ፣ ተሻለሽ?" አለችኝ ሚስቱ።

"ተሽሎኛል" አልኳት።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች።